ሦስት ማህተም ያረፈበት ኢሜይል

በበርበሬ በረንዳ ካሉት ሱቆች ሁሉ የራሱ የኢሜይል ሰርቨር ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእትዬ ሩቂያ ሱቅ ነው። ሰርቨሩን መርጦ የገዛው፣ የተከለውና ነፍስ የዘራበት ደግሞ ይህን ወግ የሚያወራችሁ ሰው ነው። ይህን ከመጀመሪያው የማስታውቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ በኋላ የማወራው ነገር ትንሽ ያሳፍራል። ሰው ሲወድቅ ማየት ደስ የሚለው ከፍ ካለ ቦታ ሲወድቅ ነውና፣ ለእናንተው ብዬ በቅድሚያ ትንሽ ከፍ ልበል።

እዚህ ከመምጣቴ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። እዚያ ገቢው ደብዳቤ «ገቢ»፣ ወጪው «ወጪ» ተብሎ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ማህተም የሌለው ወረቀት ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ሥራውን እወደው እንደነበር አልደብቅም። አንድ ቀን ባለቤቴ የእድር መጥሪያ ስትሰጠኝ ሳላስበው ገልብጬ ማህተም ፈልጌበት ስቃብኛለች። ከሥራ በኋላ የኮምፒውተር ኮርስ ወሰድኩ፤ ሦስት የምስክር ወረቀት ይዤ (ሦስቱም ባለማህተም ናቸው) እትዬ ሩቂያ ዘንድ በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። በረንዳው በሙሉ «ኢንጅነር» ይለኛል። ማዕረጉን የሰጠኝ በርበሬ በረንዳ እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ቢሆንም የተሰጠኝን ነገር መመለስ አልወድም።

እትዬ ሩቂያ ከስልጤ መጥተው ሠላሳ ዓመት በርበሬ የሸጡ ሴት ናቸው። አንዲት ዛላ ሰብረው ወደ አፍንጫቸው ካስጠጉ፣ በርበሬው ከየት እንደመጣ፣ ዝናብ አግኝቶት እንደሆነ፣ ገበሬው ቸኩሎ አድርቆት እንደሆነ ይነግሯችኋል። የእሳቸው በርበሬ ባሕር መሻገር ከጀመረ ቆይቷል፤ የተሻገረው ግን በሰው ስም ነው። አንድ ላኪ ነጋዴ ከእሳቸው በኩንታል ይገዛል፣ ያስፈጫል፣ በሚያምር ማሸጊያ አሽጎ የራሱን ስም ይለጥፍበታል። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣች ዘመዳቸው ያንኑ ማሸጊያ ስጦታ ብላ ይዛላቸው መጣች። ቀደው አሸተቱት። «ይሄ የኔ ነው» አሉ። ማሸጊያው ላይ የሰውዬው ስምና በዕድሜዋ አንድ በርበሬ ቀንጥሳ የማታውቅ የምትመስል ቆንጆ ልጅ ፎቶ ነበሩበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ሩቂያ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በርበሬያቸው በስማቸው ይውጣ።

ፈቃዱን አወጡ፣ በርበሬውን ላቦራቶሪ አስመረመሩ፣ አውሮፓ ውስጥ ቅመም ለሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ናሙና ላኩ። እኔም በበኩሌ ምክር ለገስኩ። አድራሻዎ በስምዎ ይሁን፣ ደብዳቤውም ከራስዎ ቤት ይውጣ፣ ስምዎን ለማስጠራት ተነሥተው እንዴት በሰው ፖስታ ይልካሉ ብዬ አስረዳኋቸው። ነገሩ ወዲያው ገባቸው። እውነቱን ለመናገር ይህን ሥራ በጥቂት ክፍያ አሳምረው የሚሠሩ ድርጅቶች ሞልተዋል። ግን እነሱ ከሠሩት እኔ በምን ልኮራ ነው?

ሰርቨሩ ከሱቁ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ከበርበሬ ጆንያ ጎን ተቀመጠ። የሰርቨር ችግሩ ማራገቢያ ያለው መሆኑ ነው። በፊቱ የበርበሬ ብናኝ ይስባል፣ በጀርባው ይተፋል። የመጀመሪያ ቀን ሳበራው ከታች ያሉት ቀንጣሾች በሙሉ አስነጠሱ፤ በር ላይ የቆመ ባለጋሪ አስነጠሰ፤ ለእኔ ብቻ «ይማርህ» የሚለኝ አጣሁ። ጎረቤታችን ጋሼ ደምሴ ቀና ብለው ክፍሏን አዩና «ተወለደ እንዴ?» አሉ። ጋሼ ደምሴ የጎጃም ሰው ናቸው፤ እህል በረንዳ ጤፍ ይነግዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ወንበራቸውን ይዘው እኛ ዘንድ መጥተው ስለማያውቁት ነገር ምክር ይሰጣሉ። ማራገቢያውን በስስ ጨርቅ ሸፈንኩትና መንገደኛው ሰላም አገኘ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የአውሮፓው ድርጅት የግዢ ኃላፊ ሄልጋ ትባላለች። ናሙናውን ወደደችው። ዋጋችሁንና የምርመራ ውጤታችሁን በአሥር ቀን ውስጥ በኢሜይል ላኩልኝ፣ ቀኑ የሚያበቃው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ በእኛ እኩለ ቀን ነው፣ የድርጅታችን ደንብ ከኩባንያው ከራሱ አድራሻ ያልመጣ ዋጋ አይቀበልም ብላ ጻፈች። ደብዳቤዋን ለእትዬ ሩቂያ ተርጉሜ ሳነብ «ከራሱ አድራሻ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

የዋጋ ማቅረቢያውን ያዘጋጀሁት በምችለው የመጨረሻ ጥንቃቄ ነው። የምርመራውን ውጤት ከዋጋው ሥር ገልብጬ ቁጥርና ቀን ሰጠሁት፤ አተምኩት፤ እትዬ ሩቂያን አስፈረምኩ። ክቡን ማህተም ፊርማውን ግማሽ በግማሽ አስነክቼ አሳረፍኩ። ከሥሩ ስማቸው ያለበትን ቲተር፣ ከላይ በስተቀኝ «ወጪ» የሚለውን የቀን ማህተም ጨመርኩ። ከዚያ ስካን አድርጌ ከኢሜይል ጋር አያይዤ ላክሁት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ አውሮፓ ሲደርስ ቆመው ይቀበሉታል ብዬ ነበር።

ሄልጋ ቆማ መቀበሏ ቀርቶ በሦስተኛው ቀን ዓርብ ዕለት ምንም አልደረሰኝም ብላ ጻፈች። ደግሜ ላክሁ። ማህተሙ ደብዝዞ ይሆናል ብዬ በጠርሙስ ያለውን ቀለም ጨምሬ አደመቅሁት። አሁንም አልደረሰኝም አለች።

የመዝገብ ቤት ሰው እንዲህ ሲባል መጀመሪያ የሚያደርገው መዝገቡን መክፈት ነው። ሰርቨርም መዝገብ አለው፤ የወጣው ሁሉ፣ የሄደበት ሰዓት፣ ተቀባዩ የሰጠው መልስ ይጻፍበታል። ከፍቼ አነበብኩት። የነሱ ሰርቨር በግልጽ «ተረክቤያለሁ» ብሏል። ከደረጃው ሮጬ ወረድኩና እትዬ ሩቂያን ይደሰቱ፣ ደብዳቤው ደርሷል፣ ተፈርሞበታል አልኳቸው።

«ታዲያ ሴትዮዋ አልደረሰኝም ለምን ትላለች?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። በመዝገብ ቤት ሕግ ተቀባዩ ከፈረመ በኋላ ያለው የኛ ጉዳይ አይደለም።

«ፈርሞ የተቀበለው ዘበኛው ይሆናል» አሉ ጋሼ ደምሴ ከወንበራቸው ሳይነሡ።

ስለ ኢሜይል ምንም ሳያውቁ ትክክሉን ስለተናገሩ በጣም ተናደድኩ። እውነትም የትልቅ ድርጅት ኢሜይል በር ላይ ጠባቂ አለው፤ ተቀብሎ ይፈትሻል፣ ካላማረው ለባለቤቱ ሳያሳይ ቆሻሻ ውስጥ ይጥለዋል። ለማረጋገጥ ለሄልጋ ስልክ ደወልኩ። እንግሊዝኛዬ የመዝገብ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ በጽሑፍ ወንዝ ያሻግራል፣ በአፍ ግን ይጠፋብኛል። «ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ መሠረት» ብዬ ጀመርኩ። ከላይ የተጠቀሰ ነገር አልነበረም። ሴትዮዋ ግን ትዕግሥተኛ ነበረች፤ የኮምፒውተር ክፍላቸውን ጠይቃ፣ ከእናንተ የሚመጣው እንደ ቆሻሻ ተቆጥሮ በር ላይ ይቀራል፣ እነሱም ላኪው ያስተካክል ነው የሚሉት አለችኝ። ጋሼ ደምሴ በስልክ ላክላትና ተገላገል አሉ። ደንቡ አይፈቅድም አልኳቸው። ቢፈቅድም አላደርገውም ነበር፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

«ቆሻሻ» የሚለውን ቃል ለእትዬ ሩቂያ መተርጎም አቃተኝና «በር ላይ ይዘውታል» አልኩ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው፤ ሰርቨር አለን፣ ኢሜይል የለንም። ለሙከራ ብዬ ለራሴ የግል አድራሻ አንድ መልእክት ላክሁ። «ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አለህ፣ ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው ወይ፣ ይህ ሙከራ ነው» የሚል ነበር። ከፈትኩት፤ ሎተሪ ወጥቶልሃል ከሚልና ለራሰ በራ ጠጉር ያበቅላል ከሚል መድኃኒት መካከል ተጥሏል። የእትዬ ሩቂያ ስም እዚያ መሃል ተቀምጦ ሳየው ጆሮዬ ጋለ። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

ሦስት ቀን አነበብኩ፤ እንዲህ ያነበብኩት ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ጥፋት ሰኞ አገኘሁት። የኛ ሰርቨር ሲያንኳኳ፣ የነሱ ጠባቂ የመጣበትን የኢንተርኔት ቁጥር አይቶ «ይህ ቁጥር የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ የሚሰጥ አልነበረም፤ ቁጥሩ በስማችን አልተመዘገበም። ማስመዝገብ የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሰርቨሩን ለማስመረቅ ቸኩዬ ዘለልኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። መስመር ወደሚሰጠን ድርጅት ማመልከቻ ጽፌ፣ በሦስቱም ማህተም አስጊጬ ሮጥኩ። የተቀበለችኝ ልጅ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዛ አየችውና ማህተሙ እንዴት ይታያል አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ቁጥሩ በእትዬ ሩቂያ ስም ተመዘገበ። ማህተም ምን እንደሚሠራ አዩ አይደል ብዬ ለጋሼ ደምሴ ነገርኳቸው።

እግረ መንገዴን ሰርቨሩ በሚልከው ሁሉ ላይ የማይታይ ፊርማ እንዲያኖር አደረግሁ፤ ደብዳቤው በእርግጥ ከዚህ ቤት እንደወጣ ተቀባዩ የሚያረጋግጥበት ነው። ዓይን የማያየውን ፊርማ ማን ያምነዋል በሚል ግን ክቡን ማህተም አልተውኩም።

ሁለተኛው ጥፋት የባሰ ነው። ቁጥራችን ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የማይፈለግ መልእክት ያዘንባሉ የተባሉ ሰርቨሮች የሚሰፍሩበት መዝገብ ነው። እኛ ምን አዘነብን ብዬ መዝገቤን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ለካ የኢድ ለት ነው። መርካቶ ውስጥ በዓል መጥቶ ደንበኛውን እንኳን አደረሰህ የማይል ነጋዴ የለም። እኔም ሰርቨራችንን ላስተዋውቅ ብዬ እትዬ ሩቂያ በመሳቢያቸው ያጠራቀሙትን የአድራሻ ካርድ በሙሉ ለቅሜ፣ ስምንት መቶ ለሚሆን ሰው አበባ ያለበት የመልካም በዓል መግለጫ ልኬያለሁ። ክርስቲያኑ እንዳይቀየመን ብዬ ለገና ደገምኩት። ሙስሊሙ ተረሳሁ እንዳይል ያንንም ለሁሉም ነው የላክሁት። ከነዚያ ውስጥ አንድ ዱባይ የሚኖር ጎማ ሻጭ ነበረበት፤ ከኛ በርበሬ ገዝቶ አያውቅም፣ እኛም ጎማ አያስፈልገንም። እኔ ሰላም አልኩ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ሰዉ በየቤቱ ከሶኛል።

ከጥቁር መዝገብ ለመውጣት የሚሞላ ቅጽ አለ። ምን እንዳጠፋችሁና ምን እንዳረማችሁ ግለጹ ይላል። ጋሼ ደምሴ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበራቸው ተነሡ። ጉዳዩ ሽምግልና ነው፣ ሽምግልና ደግሞ በበደለኛው አፍ አይሆንም፣ እኔ ልናገር አንተ ጻፍ አሉኝ። ልጁ አጥፍቷል፣ ልጅነት ነው፣ ሁለተኛ አይለምደውም፣ ለኛ ሲባል ይማር እያሉ ጠረጴዛው ፊት ቆመው አስጻፉኝ። እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ሆነ፤ ቅጹ ግን የሚይዘው አምስት መስመር ነበር። አሳጥሬ፣ ሰዉን ሁሉ ከዝርዝሩ እንዳጠፋሁና ሳይጠይቁኝ ለማንም እንደማልልክ ጽፌ ላክሁ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ስማችሁ ተሰርዟል የሚል መልስ መጣ። ጋሼ ደምሴ በዚያው እህል በረንዳ ወርደው በኢንተርኔት ማስታረቃቸውን አወሩ። አሁንም ድረስ ኢሜይል አልሄድ ያለው ሰው እሳቸው ዘንድ ይላካል።

ሐሙስ ጠዋት ሙከራዬን ደገምኩ። ለራሴ ሰላምታዬን አቀረብኩ፤ ቤተሰቤን ጠየቅሁ፤ ደረሰኝ። ኢሜይል እየፈተሸ ነጥብ የሚሰጥ አንድ ገጽ አለ፤ ከአሥር አሥር ሰጠኝ። በሕይወቴ ከአሥር አሥር አግኝቼ አላውቅም። አትሜ፣ አልዋሽም ማህተም አድርጌ፣ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ቀንጣሾቹን ሳይቀር አንድ በአንድ ወደ ላይ እያወጣሁ አሳየኋቸው። ከዚያ የዋጋ ማቅረቢያውን በሦስቱ ማህተም እንደተሸለመ ለሄልጋ ላክሁና ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ።

ከሰዓት በኋላ መልሷ መጣ። ከእናንተ አሁንም ምንም አላገኘሁም፣ በጣም አዝናለሁ፣ እስከ ነገ እኩለ ቀን ካልመጣ ከዱሮው አቅራቢያችን ለመግዛት እገደዳለሁ ይላል። የዱሮውን አቅራቢ ስም ጽፋዋለች። ያ ላኪ ነጋዴ ነው። ለእትዬ ሩቂያ ሳነብላቸው ስሙን ልዘልለው ነበር፤ አልቻልኩም።

እትዬ ሩቂያ የያዙትን ዛላ ቁና ላይ መለሱት። ሰውዬው ነገ ወይ ከነገ ወዲያ መጥቶ ያንኑ በርበሬ ከእሳቸው ሊገዛ ነው፤ መልሶ ለሄልጋ ሊሸጠው ነው። ተሳድበው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሻርፓቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ወደ ላይ ወጥቼ ግድግዳው ላይ ያለውን ከአሥር አሥር ሳየው ራሴን ጠላሁት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ዓርብ በሁለት ሰዓት ተኩል ስገባ እትዬ ሩቂያ ቀድመውኛል። ሰርቨሩ ከተተከለ ጀምሮ ወጥተውት የማያውቁትን ደረጃ እየደገፍኳቸው ወጡና ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ።

«ደብዳቤዬን አሳየኝ» አሉ።

ከአሥር አሥሩን፣ የቁጥሩን ምዝገባ፣ መዝገቡን ማሳየት ጀመርኩ።

«እሱን አይደለም። ሴትዮዋ ስትከፍተው የምታየውን አሳየኝ።»

ከፈትኩላቸው። ባዶ ነጭ ገጽ ነው። ከታች አንድ የተያያዘ ፎቶ ብቻ አለ። ፎቶውን ስከፍተው ወረቀቱ ትንሽ ተንጋዶ፣ ማህተሞቹ እንደ ቀይ ሥር ደምቀው ታዩ።

«እኔ የተናገርኩት የታለ?»

«እዚህ ፎቶው ውስጥ ነው፣ እትዬ።»

«እዚህ ነጩ ላይስ ምን አልካት?»

«ምንም።»

«ሰላም አላልካትም?»

ለራሴ በምልከው ሙከራ ላይ እንደምን አለህ፣ ቤተሰብ ደህና ወይ እያልኩ ነው የከረምኩት፤ ለሄልጋ ግን አንድ ቃል አልጻፍኩላትም። እትዬ ሩቂያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንድ የማላውቀው ሰው ሱቄ ገብቶ፣ ሰላም ሳይለኝ፣ አፉን ሳይከፍት፣ የታሸገ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ወላሂ ውሰድልኝ ነው የምለው። ሴትዮዋ ዘበኛ ብታቆም ምን አጠፋች?»

ይህን ሲሉ ነው ሁሉም ነገር የበራልኝ። ጠባቂው ኮምፒውተር ነው፤ ቃል እንጂ ፎቶ አያነብም። የሚያየው አንድ ቃል ያልተጻፈበት ባዶ መልእክትና ከማያውቀው አገር የመጣ ከባድ ፎቶ ነው። አጭበርባሪ የሚልከውም ልክ እንዲህ ያለውን ነው። ሙከራዬ ከአሥር አሥር ያገኘው ሰላምታ ስላለው ነው፤ ደብዳቤያቸው የወደቀው ማህተሜን ተሸክሞ ስለሄደ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው፣ ቁጥሩንና መዝገቡን ሳማስል ከርሜ የራሴ ሥራ ከሥር አሯል። ተናዘዝኩ። ጥፋቱ የሰርቨሩ አይደለም፣ የማህተሙ ነው፣ የማህተሙ ማለት የኔ ነው አልኳቸው።

«ማህተም አድርግበት ያልኩህ መቼ ነው?»

«እትዬ፣ ማህተም የሌለው ደብዳቤ እኮ…»

«ከማረቆ አንድ አይሱዙ ዛላ በስልክ አስጭኜ ሳራግፍ የትኛው ማህተም አለበት? ቃሌ አይደል?»

አምስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ በየሳምንቱ ያየሁት ነገር ነው። መኪናው ይመጣል፣ «የሩቂያ ነው» ይባላል፣ ይራገፋል። አሥራ አንድ ዓመት ማህተም የሌለውን ሰው ስመልስ ኖሬ፣ ያለ ማህተም የሚታመን ሰው አጠገቤ ተቀምጦ አላየሁትም።

«በል ጻፍ» አሉኝ።

እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ሰላምታ ጀመሩ። እንደምን ከረምሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው፣ እናትሽ አባትሽ አሉ ወይ፣ ብርዱ እንዴት አድርጓችኋል አሉ። በንግድ ደብዳቤ እናት አባት አይጠየቅም ብዬ ጠቅለል አድርጌ አለፍኩት። እትዬ ሩቂያ እንግሊዝኛ ባያውቁም ሚዛን ያውቃሉ።

«እኔ ይህን ሁሉ ተናግሬ አንተ የጻፍከው አንድ መስመር ነው» አሉ። «ያጎደልከውን ሙላ።»

ሞላሁ። ከሰላምታው በኋላ በርበሬው ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ፣ ፍሬው ከነአቧራው እንዳይፈጭ ሴቶቹ አንድ በአንድ እንደሚቀነጥሱት ነገሯት። ዋጋውን ተናገሩ። ይህን በርበሬ እስካሁን በሰው ስም በልታችሁታል፣ ሻጯ ግን እኔ ነኝ፣ ጉድለት ካገኘሽበት ለኔ ንገሪኝ አሉ። የምርመራውን ውጤት ላቦራቶሪው በኢሜይል እንደላከልን በንጹሕ ፋይሉ አያያዝኩት። ሲያልቅ እጄ ሳላዘው ወደ መሳቢያው ሄደ።

«ማህተሙ እዚያው ይተኛ» አሉ እትዬ ሩቂያ። «ስሜን ጻፍ፣ በቃ።»

ሩቂያ ሸረፋ ብዬ ጻፍኩና በአራት ሰዓት ላክሁት። እስከ ጁምዓ አብረን ተቀመጥን። ጋሼ ደምሴ በጠዋት መጥተው ከደረጃው ሥር ቆሙ፤ ምክር ሳይሰጡ ሲቆሙ ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው። አምስት ሰዓት አለፈ። እትዬ ሩቂያ ወደ መስጊድ ሊሄዱ ሲነሡ ኮምፒውተሩ ደወለ።

ሄልጋ ናት። እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ ስለ ጤናዬ ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ፣ እናቴ ደህና ናት፣ በሥራ ደብዳቤ ሰው ስለ እናቴ ሲጠይቀኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው ትላለች። ዋጋውን ተቀብለናል ትላለች። ከሥር አንድ ጥያቄ አለ፤ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ስም የማን ይሁን?

እትዬ ሩቂያ የመጨረሻውን ድገምልኝ አሉ። ደገምኩላቸው። በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ፤ በዚያች ክፍል ውስጥ በርበሬው ነው ብሎ ማመካኘት ይቻላል፣ እሳቸው ግን አላመካኙም።

«ሠላሳ ዓመት በርበሬ ሸጥኩ» አሉ። «የማን ነው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።»

ከዚያ የሙሉ ስማቸውን እያንዳንዱን ፊደል በቀስታ ነገሩኝ፤ እኔ የማላውቀው ይመስል። እኔም እንደማያውቅ ሰው ሆኜ አንድ በአንድ ጻፍኩትና ላክሁት። ደረሰ።